የአያትሽን ካሴቶች ገና ቴፕ ውስጥ አታስገቢያቸው

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳክስፎን ሲነፉ ኖረው አርፈዋል፤ አልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ተገኝቷል። «ስልኬን ቴፑ አጠገብ አድርጌ ቀድቼ ካሴቶቹን ብጥላቸው ችግር አለው?» ትላለች። አዎ፣ ችግር አለው። ጥያቄው ግን ሌላ ሰው አስታወሰኝ፤ እሳቸውን ዘልዬ ወደ ካሴቱ መግባት አልሆነልኝም።

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚኖሩ የቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ሰው ነበሩ። ቴነር ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ኖታ የቀሰሙት ከሙዚቃ መምህሩ ከነርሲስ ናልባንዲያን ተማሪዎች ነው። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡትን 40 የአርመን ልጆች ሙዚቃ ያሠለጠኑት ኬቮርክ ናልባንዲያን ለነርሲስ አጎት ናቸው፤ ስለዚህ የዚያ ቤት ትምህርት ነው ዞሮ ዞሮ ዶሮ ማነቂያ የገባው።

ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በዳቦ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሆቴል የሚጫወት ሙዚቀኛ ማታ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ ተጫዋቹም አዳማጩም በር ተዘግቶባቸው ያድራሉ። እሳቸው ንጋት ላይ የሳክስፎኑን ሳጥን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ብብታቸው ሥር ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹን ቀስቅሰው ቁርስ ያበላሉ፣ የቤት ሥራቸውን ያያሉ፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ ይሸኛሉ። የሚተኙት ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ልጅ እንዲህ አሳደጉ።

ልምምዳቸው ከሰዓት በኋላ ነበር። የቀበሌ ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ሳክስፎን አፉ ላይ ጋቢ ቢወትፉበት ብዙም አይረባም፤ ድምፁ የሚወጣው በአፉ ብቻ ሳይሆን ጎኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ነው። ስለዚህ ቁም ሣጥኑን ከፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ተሰቀለው ልብስ አዙረው ይነፉ ነበር። ካፖርትና ቀሚስ ድምፅ ይጠጣል። ሪድ፣ ማለትም አፍ መግቢያው ላይ የምትታሰረው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ፣ በማይገኝበት ጊዜ አሮጌውን በምላጭ ስስ አድርገው ይፍቁታል፤ እንዳይጣመምም ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያደርቁታል። አራት ሪድ በተራ ስለሚጠቀሙ አንዱ ቶሎ አያልቅም ነበር።

አንድ ቀን ቁም ሣጥኑ ፊት ትዝታ ሲጫወቱ፣ ሴት ልጃቸው የቴፑን ቀይ ቁልፍ ተጫነችው። ማንም አልተዘጋጀም። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ነው። ውስጡ እናትየው ቡና ሲወቅጡ ይሰማል፤ ትንሹ ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል። አባት መሀል ላይ አፋቸውን ከሳክስፎኑ አንስተው «እስቲ ያንን መስመር ድገመው» ይላሉ፤ ልጁ ይደግማል፤ እሳቸውም ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሰማንያን አልፈው አረፉ። ለአርባቸው ቤተሰቡ ያንን ካሴት ሊያሰማ ፈለገና አንድ ሱቅ ወሰደው። ሱቁ ሳይመረምር አስገባው፤ ቴፑም ክሩን በላው። የተረፈው 11 ደቂቃ ነው። እኔ ዘንድ ጥሩ መቅረጫ ነበረ። «ከፋሲካ በኋላ በደንብ እንቀርጽዎታለን» ብዬአቸው ነበር። ፋሲካው አለፈ፣ ሌላም ፋሲካ አለፈ።

ክሩ ለምን እንደተበላ ልንገርሽ፤ ያንቺም ካርቶን ውስጥ ይህ ሊኖር ይችላል። የካሴቱ አፍ መሀል ላይ ክሩን ከቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከሚያነበው ክፍል፣ ጋር የሚያስጠጋ ትንሽ የስፖንጅ ወይም የሱፍ ቁራጭ አለ። ማጣበቂያው ሲደርቅ ይወድቃል፤ ድምፁም ይታፈናል። ክሩን የሚስበው የቴፑ ጎማ ሲያረጅ ደግሞ ይሟሟና ክሩ ይጣበቅበታል። ባለ 90 ደቂቃ ክር ከባለ 60 የሳሳ ስለሆነ ቶሎ ይጠቀለላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪ፤ በስህተት ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካየሽ ለይተሽ አስቀምጪው፤ ቴፑን አበላሽቶ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ሱፉ የወደቀበት ካሴት በብሎን የታሰረ ከሆነ ተፈትቶ ክሩ ወደ ሌላ ቀፎ ይዛወራል። ሄዱንና ጎማውን በጥጥ ጠርጊ፤ ለሄዱ ንጹህ አልኮል፣ ለጎማው ግን በውኃ የረጠበ ጨርቅ ይበቃል። በማትሳሺለት የዘፈን ካሴት ሞክሪ። ከዚያ ያያትሽን ካሴት በእስክሪብቶ ትንሽ አዙሪው፤ ከከበደሽ አታስገቢው።

ቀረጻው ከቴፑ መውጫ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይግባ፤ ስልክ አጠገቡ ማስቀመጥ የክፍሉን ድምፅ መቅዳት ነው። ድምፁ የደበዘዘ ከሆነ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በቀጭን መፍቻ በጥቂቱ አዙሪ፤ ሲጠራ ታውቂዋለሽ። የቀረጻውን ጥራት በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ ፋይሉን ዋቭ (WAV) አድርጊው፤ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ኤምፒስሪ (MP3)፣ መጠኑ የተቀነሰው ፋይል፣ ለዘመድ በቴሌግራም መላኪያ ነው። ዋናውን ካሴት አትጣዪ፤ ነገ የተሻለ ማጫወቻ ያለው ሰው ይመጣ ይሆናል።

የዛሬ ልጆች ስልክ ውስጥ የምግብ ቪዲዮ ሞልቷል፤ የአባት ድምፅ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ይህ ያሳዝነኛል። ሆኖም ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕቃ ጫኝ ከሜዳ ላይ የተወውን የፎቶ አልበም ሲሰበስቡ ያየኋቸው ወጣቶች ናቸው፤ እኛ ትልልቆቹ አልጋና ቁም ሣጥን ስንቆጥር ነበር።

በሕይወት ያሉ ካሏችሁ «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩን» አትበሏቸው፤ ሰው እንዲህ ሲባል ይደነግጣል፣ ሕዝብ ፊት የሚያወራ ይመስለዋል። መሣሪያቸውን እጃቸው ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ነገር ጠይቁ፦ ሪዱን ማን አስተማረዎት መፋቅ? ማታ ስንት ሰዓት ይወጡ ነበር? ስልኩን ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ያህል ርቀት ላይ፣ በታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ሲነካ እንዳይጮህ። መሣሪያ ሲጫወቱ ሁለት ሜትር ራቁ። ጥሪ እንዳያቋርጥ አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። ፍሪጁን ንቀሉ፤ የቤት ቁልፋችሁን ውስጡ ካስቀመጣችሁ ሳትሰኩት አትወጡም። ክረምት ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሞክሩ። አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሽማግሌ ይደክማል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን የዚያ ቤት ምርጡ ቅጂ ፎጣም ርቀትም አልነበረውም። ቡናው ሲወቀጥ ማንም አላስቆመውም። ስለዚህ ቤቱ ካልተመቻችሁም ቅረጹ።

አንቺ ደግሞ ከካርቶኑ ውስጥ ምንም ያልተጻፈበትን ካሴት አስቀድሚ። የተጻፈበት ብዙውን ጊዜ የገበያ ዘፈን ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከአልጋ ሥር አውጥተሽ በቁማቸው፣ ከስፒከር አርቀሽ፣ ደረቅ መደርደሪያ ላይ ደርድሪያቸው። ከዚያ ጻፊልኝ።