ሻርክ ጣና ይገባል? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት «ስለ ሻርክ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ ሻርክ ማውራት መቼም ሳያስቅ አይቀርም። ስሙ ነው እንጂ ጨዋማው ባሕር ከኛ ስንት ተራራ ማዶ ነው። ለማታውቁኝ፣ ጅቡቲ ውስጥ 6 ዓመት በጠላቂዎች ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ገመድ ጎታችና የአየር ሲሊንደር ተሸካሚ ነበርኩ። በኋላ እኔም መጥለቅ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሻርክ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ባለቤቴ «ሌላ ወሬ የለህም?» እስክትለኝ ድረስ።

ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ በስልክ የተላከ ነው፤ ግማሹን ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን በቃል ጠየቃችሁኝ። የተመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

የባጃጅ ሾፌር፦ «ብሮ፣ ጣና ውስጥ ሻርክ ታየ የሚል ቪዲዮ ደርሶኛል። ሊገባ ይችላል እንዴ?»

አይችልም። ቪዲዮውን አየሁት። ውኃው ላይ ያለው ማዕበል ራሱ የጣና አይደለም።

ጥያቄህ ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ኮርማ ሻርክ የሚባል ዓይነት አለ፤ ጨው በሌለው ውኃም ይኖራል። ዛምቤዚ ወንዝ ውስጥ አለ። ኒካራጓ ሐይቅ ውስጥ አለ። በአማዞን ወንዝ ሽቅብ ሺዎች ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፔሩ ድረስ ታይቷል። እኛ ጋ ለመድረስ ግን ከሜዲትራኒያን ተነስቶ የአስዋንን ግድብ ማለፍ አለበት። ከዚያ የሕዳሴን ግድብ። ከዚያ ጢስ ዓባይን፣ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርደውን ፏፏቴ፣ ሽቅብ መውጣት አለበት። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ይሄን ሁሉ አልፎ ከመጣማ ቡና እንጋብዘዋለን።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ጋሼ፣ ሻርክና ዓሣ ነባሪ አንድ ናቸው? ዮናስን የዋጠው የቱ ነው?»

አንድ አይደሉም። ዓሣ ነባሪ ስሙ ነው ዓሣ የሚያሰኘው። ሳንባ አለው፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልጁን ያጠባል። ሻርክ ግን እውነተኛ ዓሣ ነው፤ በስንጥቡ ነው የሚተነፍሰው። አጥንት ደግሞ የለውም። ጆሮህን ያዝና እጠፈው። እንደሱ ባለ ልም አጥንት ነው አካሉ የተዋቀረው። ከ500 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ፤ በክንድህ ልክ እንኳ የማይሞላ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አለ።

ስለ ዮናስ፣ ትንቢተ ዮናስ «ትልቅ ዓሣ» ይላል፤ የማቴዎስ ወንጌል ደግሞ «ዓሣ አንበሪ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የኔታን ጠይቅ። እኔ ጀልባ ላይ ነው የተማርኩት።

አንዲት እናት፦ «ልጄ ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዓርብ ዓርብ ባሕር እንዋኛለን ይለኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ይበላብኛል ወይ?»

እማማ፣ ይተኙ። በመላው ዓለም ሰው ሳይተነኩሰው ሻርክ የነከሳቸው ሰዎች በዓመት 60 ወይም 70 ቢሆኑ ነው። የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጡም። በእብድ ውሻ በሽታ ግን በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። እኛ ግን ውሻውን በራችን ላይ አስረን ሻርኩን በሕልማችን እንፈራለን።

ልዋሽዎትም አልፈልግም። ቀይ ባሕር ላይ ሰው ሞቶ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰኔ ወር ግብፅ ሁርጋዳ ላይ ነብር ሻርክ አንድ ዋናተኛ ገድሏል። ስለዚህ ለልጅዎ ይሄን ይንገሩት፦ ጀምበር ስትጠልቅ አይዋኝ፤ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያርዱበት አጠገብ አይግባ፤ ብቻውን አይሂድ። ከሁሉ በላይ የባሕሩን ሞገድ ይፍራ። እኔ በ6 ዓመት ውስጥ ሻርክ የነካው ሰው አላየሁም። ሞገድ ወስዶት ጎትተን ያወጣነው ግን አለ።

የታንኳ ዓሣ አስጋሪ፦ «ጉማሬና ሻርክ፣ የቱ ይብሳል?»

ጉማሬ። ደንገል ታንኳ ላይ የሚውል ሰው ይሄን እኔን አይጠይቅም ነበር፤ ሊፈትኑኝ ነው።

ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል አባል፦ «ስማ አንተ ልጅ፣ ምጽዋ ሳለን አንድ ጠብታ ደም ጠብ ካለ ሻርክ ከስንት ኪሎ ሜትር ይመጣል ይሉን ነበር። እውነት ነው?»

ሻምበል፣ ተጋንኗል። ማሽተቱስ ያሸታል፤ ግን ሽታ በውኃ ውስጥ የሚሄደው ሞገዱ በሚወስደው ልክ ነው። አንዲት ጠብታ ኪሎ ሜትር አትጓዝም፤ መንገድ ላይ ትጠፋለች። የሚገርመው ሌላ ነው። አፍንጫው ዙሪያ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። በነሱ ነው ከሌላ እንስሳ አካል የሚወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ የሚሰማው። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ሳያየው፣ ሳይነካው፣ ያገኘዋል።

ሰው ላይም ብዙ ጊዜ ነክሶ ትቶ ይሄዳል። ለምን እንደሚተው ብዙ ይባላል፤ ዋናው ነገር ግን ከተነከሱት አብዛኞቹ መትረፋቸው ነው። ይሄን ሁሉ ፍርሃት ያገነነው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው «ጆውስ» የተባለ የሆሊውድ ፊልም ነው። እርስዎም ሳያዩት አይቀሩም። የሚገርመው ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ የጻፈው ሰው ራሱ ኋላ ላይ ዕድሜውን የሻርክ ጠበቃ ሆኖ ነው የጨረሰው።

«አንተ በዓይንህ አይተሃል? ወሬ ነው ወይስ?» (ይሄን ከ10 በላይ ሰው ጠይቋል።)

አይቻለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ አካባቢ ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይመጣል። የዓለም ትልቁ ዓሣ እሱ ነው፤ 18 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ አራት አምስት ሜትር የሚሆኑ።

የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። ውኃው በጥቃቅን ፍጥረታት ደፍርሶ ነበር፤ ከክንዴ አልፎ አይታይም። ድንገት የእንጀራ ምጣድ የሚያህል አፍ ከፊቴ ተከፈተ። እጅና እግሬ ከዳኝ። እሱ ግን ሰውም ሆነ ትልቅ ዓሣ አይፈልግም፤ ውኃውን ያስገባል፣ በስንጥቡ ያጠልለዋል፣ ጥቃቅኑን ይውጣል። ልክ ጠላ እንደሚያጠል ሰው። ትንሽ ዘወር አለና በጎኔ አለፈ። ጀርባው እንደ ጅግራ ላባ ነጭ በነጭ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡ የአንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ ተመራማሪዎች ፎቶ አንስተው እንደ ጣት አሻራ ይለዩበታል። ዓይኑ ትንሽ ናት። አየችኝ፣ ምንም አልመሰልኳትም፣ ሄደች። ጀልባው ላይ ስወጣ ጓደኞቼ «ፊትህ አመድ መስሏል» ብለው ሳቁብኝ።

ሌላም ያየሁት አለ። በአንድ የዓሣ ማራገፊያ ግቢ ጣሪያ ላይ የሻርክ ክንፍ እንደ ቋንጣ ተሰጥቶ ነበር። ረድፍ በረድፍ። ብዙው ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ገና ጨቅላ ነበሩ ማለት ነው። ክንፉ ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ ሾርባ ይሆናል። አንዳንድ ቦታ ክንፉን ቆርጠው ሻርኩን በሕይወቱ ወደ ባሕር ይመልሱታል፤ መዋኘት ስለማይችል ሰምጦ ይሞታል።

የዓሣ ነጋዴ፦ «ዓሣ ዓሣ ነው፤ ይያዛል፣ ይሸጣል። ሻርክን ማን ጠብቅ አለ? እኛን ማን ጠበቀን?»

እትዬ፣ ከሁሉም የወደድኩት የእርስዎን ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ቁጥሩ። ሰው በዓመት ከ80 እስከ 100 ሚሊዮን ሻርክ ይገድላል ተብሎ ይገመታል። ከባሕር ዳርቻ ርቀው የሚኖሩት ሻርኮችና ዘመዶቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ 71 በመቶ ቀንሰዋል። ከሁሉም ዓይነት ሲሶ የሚበልጠው የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ምክንያቱ በዋናነት አንድ ነው፦ ከመጠን ያለፈ ማጥመድ።

«ታዲያ ይወልዳል እኮ» ይሉኛል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የእኛን ቀረሶ ያስቡት። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፣ በዓመት ደጋግማ ትራባለች። ዛሬ ቢያዝ ነገ ይተካል። ሻርክ ግን እንደ ዓሣ ሳይሆን እንደ ዝሆን ነው የሚወልደው። ነጭ ሻርክ ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው ወደ 30 ዓመት ሲሆናት ነው። ሌላ ትንሽ ሻርክ አለች፣ እርግዝናዋ 2 ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። የግሪንላንድ ሻርክ ቢያንስ 272 ዓመት እንደሚኖር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቀዋል፤ ለመራባት የሚደርሰው በ150 ዓመቱ ገደማ ነው። እንግዲህ ዛሬ መረብ የገባው አንዱ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ሕፃን የነበረ ሊሆን ይችላል። ገና ሳይወልድ።

እርስዎ ደግሞ ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ምክንያቱም ነጭ ዓሣን ያውቃሉ። ጢስ ዓባይ ከታች ካለው ዓለም ስለለየው ጣና ውስጥ ሌላ የትም የሌሉ 15 ገደማ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ተፈጠሩ። ግማሾቹ ዓሣ አዳኝ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር! ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ነው የሚያደቁት። የእኛ ሻርኮች እነሱ ናቸው ብል አላበድኩም። ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ሌሎቹም ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የት ይጠብቃቸዋል? የወንዙ አፍ ላይ። ወንዙ ውስጥ ደግሞ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ፤ ትልቁም ትንሹም ገልበጥ ብሎ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣ ክምችት ሦስት አራተኛው ጠፍቶ ነበር። እናቱን በምትወልድበት ደጅ ላይ መያዝ ማለት ይሄ ነው። ሻርክም ላይ የተደረገው ይኸው ነው።

ይሄን ፊት ለፊት ስነግራቸው እትዬ ምን አሉኝ? «እሱስ ልክ ነህ። ሐምሌ ላይ ግን ልጆቼ ምን ይብሉ?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ፓላው የምትባል የደሴት አገር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሕሯን በሙሉ ለሻርክ የተከለለ አደረገች። እዚያ ጥናት ያደረጉ ሰዎች አንድ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በቱሪስት በኩል 1.9 ሚሊዮን ዶላር ያስገኛል፣ ሞቶ ሲሸጥ ግን 108 ዶላር ብቻ ነው ብለው አስልተዋል። ጅቡቲ ላይም ዓሣ አጥማጅ የነበሩ ጀልበኞች ፈረንጅ አሳፍረው ሻርክ ሲያሳዩ አይቻለሁ። ነጭ ዓሣን ለማየት ግን ማን ከፍሎ ይመጣል? ወንዙ አፍ ላይ መረብ እንዳይጣል የሚከለክል ሰው ለእነዚያ ወራት እንጀራ ከምን እንደሚመጣም አብሮ መናገር አለበት። ያለዚያ ክልከላው ወረቀት ላይ ይቀራል።

«የሻርክ ልም አጥንት ኪኒን ለካንሰር ያድናል ብለው ሊሸጡልኝ ነው። ልግዛ?»

አይግዙ። «ሻርክ ካንሰር አይዘውም» ከሚል ወሬ የመጣ ንግድ ነው። ሻርክ ዕጢ ይወጣበታል፤ ተመዝግቧል። ከልም አጥንቱ የተሠራ መድኃኒትም በካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ዕድሜ አላስረዘመም። ብሩን ለሕክምናው ያውሉት።

አንድ ዲያቆን፦ «ይበላል ወይ?»

የሚበሉት ብዙ ናቸው። እኔ ቀምሼዋለሁ፤ አምባዛ ይሻለኛል። ትልልቆቹ ሥጋቸው ውስጥ ሜርኩሪ ስለሚከማች ነፍሰ ጡር ሴት ባትበላው ይመከራል። «ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ» የሚለውን የኦሪት ሕግ ካሰብክ ለሊቃውንቱ የሚሆን አንድ መረጃ ልስጥህ። ቆዳው በጥቃቅን ጥርስ መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። ከራስ ወደ ጅራት ብትዳብሰው ልስልስ ነው፤ ከጅራት ወደ ራስ ብትመልሰው የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ቅርፊት ነው አይደለም፣ እናንተ ተከራከሩ።

«ቢጠፋስ ምን ይቀርብናል?»

አውስትራሊያ ውስጥ ሻርክ ቤይ የሚባል ቦታ አለ። ነብር ሻርክ በመኖሩ ብቻ የባሕር ኤሊዎች አንድ ቦታ ተኝተው ሣሩን አይጨርሱትም፤ እየፈሩ ይዘዋወራሉ። ያ የባሕር ሣር የስንት ዓሣ ጫጩት ማደጊያ ነው። ጅብንም አስቡት። ስሙ ክፉ ነው፤ የሚያመሰግነው የለም። ሌሊት መጥቶ የጣልነውን በድን ባያነሳ ግን ጠዋት አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምንወጣው።

የመጨረሻው ከአንድ የ6 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ጽፎለት፦ «ጥርሴ ወለቀ። ሻርክ ጥርሱ ሲወልቅ ይበቅልለታል?»

አዎ የኔ ጌታ። ከፊተኛው ኋላ ሌላ ረድፍ አለ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። አንዱ ሲወልቅ የኋላው ወደ ፊት ይመጣል። በዕድሜው ሺዎች ጥርስ ይጥላል። አንተ ግን የምትተካው አንዴ ብቻ ስለሆነ አደራ ቦርሸው። የወለቀውን ጣሪያ ላይ ወረወርከው? ሻርክ ጣሪያ ስለሌለው ጥርሱ ባሕሩ ወለል ላይ ይወድቃል፤ እዚያ አሸዋ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ሚሊዮን ዓመት ሊቆይ ይችላል። እኔ ጋ ከጅቡቲ ያመጣሁት አንድ አለ፣ ያውም አዲስ፤ ጫፉ አሁንም ይቆርጣል። ቅዳሜ ከአባትህ ጋር ና፣ ትይዘዋለህ።