ዳገት ላይ ቋ ቋ የሚል ሳይክል፦ ካምቢዮውን ልፍታው ወይስ ልተወው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ በእጅ የተበየደ የብረት ሳይክል አለኝ። ለኮረኮንችም ለጭቃም እንዲሆነኝ ያሠራሁት ነው። ኋላ ላይ የሚንጠለጠል ማርሽ የለውም፤ ፔዳሉ መሀል ላይ ፒኒየን የሚባል ኩባንያ የሠራው ባለ 12 ማርሽ ካምቢዮ (የተዘጋ የማርሽ ሳጥን) ታስሮበታል። የኋላውን ጎማ የሚነዳው ካቴና ነው። ሰሞኑን ዳገት ላይ ጠንክሬ ስረግጥ ቋ ቋ ይላል። በዚያ ላይ ዳገቱ መሀል ወደ ቀላል ማርሽ ልቀንስ ስል እጀታው አልዞር ይለኛል። አንድ ሰው ‹ካምቢዮው ተበልቷል፣ ፈተን እንየው› አለኝ። ልፍታው?»

አትፍታው። ቢያንስ ገና ነው።

የካምቢዮው ጥርሶች ዘይት ውስጥ ሆነው፣ በተዘጋ ቤት ነው የሚሠሩት። ጭቃና አሸዋ የሚበላቸው ውጭ ያሉትን ነው፤ ፔዳሉን፣ ብሎኖቹን፣ ካቴናውን፣ የኋላውን አክስል። ስለዚህ ፍተሻ ሁሌም ከውጭ ይጀምራል። ቤቱን ከከፈትከው ደግሞ ዋስትናህን ልታጣ ትችላለህ።

የእጀታውን ጉዳይ ቶሎ እንጨርሰው። ይሄ ካምቢዮ እግርህ በኃይል እየረገጠ ወደ ቀላል ማርሽ መውረድ አይወድም። ጥርሶቹ ጭነት ይዘው ተቆላልፈዋል፣ እንዴት ይላቀቁ? ለአንድ አፍታ እግርህን ቀለል አድርገህ እጀታውን አዙር፣ ከዚያ ቀጥል። ዳገቱ ከመክበዱ በፊት መቀነስ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ይህን ካምቢዮ ሳይክሉ ቆሞም መቀየር ይቻላል። ስለዚህ አቁመህ ከ1 እስከ 12 አዙረው። ቆሞ ያለ ችግር ከዞረ ጥፋቱ የአረጋገጥህ ነው። ቆሞም ከከበደ ካቦዎቹን እይ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። ሽፋናቸው ውስጥ ጭቃ ከገባ ወይም መሪው አጠገብ በጣም ከታጠፉ እጀታው ይከብዳል። እነሱን መቀየር ነው፣ አለቀ።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ብረት ድምፅ ያስተላልፋል። ከኮርቻ የተነሳው ከካምቢዮ የመጣ ይመስልሃል። ስለዚህ ጆሮህን ብዙ አትመነው፣ ምቱን ቁጠር።

ተራ ሳይክል ላይ ካቴናው የሚጠመጠምበት የፊት ጥርስ ከፔዳሉ ጋር እኩል ይዞራል። ያንተ ላይ እንደዚያ አይደለም። በ1ኛ ማርሽ የፊት ጥርሱ አንድ ጊዜ እንዲዞር ፔዳሉ 1.82 ጊዜ መዞር አለበት። በ12ኛው ደግሞ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጥርሱ ከሦስት ጊዜ በላይ ይዞራል። ይሄ ልዩነት ለመካኒክ ሲሳይ ነው፤ ምንም ሳትፈታ ድምፁ ከየት ወገን እንደሆነ ይነግርሃል።

ለስላሳ ዳገት ፈልግና በተለያየ ማርሽ ውጣው። ቋ የሚለው ሁልጊዜ እግርህ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከሆነ፣ ማርሽ ብትቀይርም ያው ከሆነ፣ ጥፋተኛው ከፔዳሉ ጋር የሚዞር ወይም በእግርህ ግፊት የሚወዛወዝ ነገር ነው። ፔዳሉ፣ የፔዳሉ ክንድ፣ ኮርቻው ወይም ካምቢዮው ቴላዮው (የሳይክሉ ዋና የቱቦ አካል) ላይ የታሰረበት ቦታ ማለት ነው። ማርሽ ስትቀይር ምቱም ከእግርህ አንጻር ከተቀየረ የፊት ጥርሱን፣ ካቴናውንና የኋላ ጎማውን ጠርጥር። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከተሰማና በሌሎቹ ጸጥ ካለ፣ ያኔ ነው ካምቢዮውን የምንጠረጥረው።

ከአጻጻፍህ እንደገመትኩት ያንተ የመጀመሪያው ነው። ከቀላሉ ጀምር። ተነስተህ ስትረግጥ ድምፁ ከጠፋ ኮርቻው ነው፤ ምሰሶውን አውጥተህ ጥረገው፣ ግራሶ ቀብተህ መልሰው። ካልጠፋ ፔዳሎቹን ፍታ። የግራው ክር ግልብጥ ነው፣ በተለመደው አቅጣጫ ለመፍታት ብትታገል ታጠብቀዋለህ እንጂ አይፈታም። ክሩን አጽዳ፣ ግራሶ ቀባ፣ አጥብቅ። የክንዶቹንም ብሎን በመመሪያው ልክ አጥብቃቸው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ያልቃል።

ካላለቀ ካምቢዮው ቴላዮው ላይ የታሰረበትን ቦታ እይ። በእጅ የተሠራ ሳይክል ላይ እኔ አብዝቼ የምጠረጥረው ይህን ነው። ቴላዮው መሀል ካምቢዮው የሚታሰርበት የብረት ድልድይ አለ። ብየዳ ሲሞቅ ብረት ይጎተታል፤ በያጁ ፊቱን በደንብ ካላስተካከለው ካምቢዮው ሙሉ ለሙሉ አይቀመጥም። ሁለተኛው ጠላት ቀለም ነው። በድልድዩና በካምቢዮው መሀል ወፍራም ቀለም ከቀረ ከጊዜ በኋላ ይደቅቃል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ቋ ቋ ይጀምራል።

መጀመሪያ ብሎኖቹ ልክ መሆናቸውን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ፈትሽ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝመህ በጉልበት እንዳታጠብቅ፤ ክሩ ከተላጠ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ እንኳ ላልቶ ካገኘኸው ካምቢዮውን ከቴላዮው አውርደው። ማውረድና መክፈት ይለያያሉ፤ የማሰሪያውን ብሎኖች ትፈታለህ እንጂ ቤቱን አትነካም። የሚገናኙትን ፊቶች እይ። የተፋቀ ወይም የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ጋ ነው። በድልድዩ ፊት ላይ ያለውን ቀለም አንሳ፣ ግን እርቃኑን አትተወው። በተለይ የካምቢዮህ ቤት ማግኒዥየም ከሆነ፤ ማግኒዥየምና ብረት እርጥበት ላይ ከተገናኙ ማግኒዥየሙ ይበላል። ስስ ግራሶ ቀባበት። ስትመልሰው ብሎኖቹን ሁሉ በእጅህ አስገባ፣ ከዚያ እያፈራረቅህ ቀስ በቀስ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው እንዳትሄድ።

ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ብየዳዎቹን በባትሪ እያቸው። በተለይ ድልድዩ ወደ ኋላ ጎማ ከሚሄዱት ቱቦዎች ጋር የተገናኘበትን። ቀለሙን ሰንጥቆ የወጣ ቀጭን የዝገት መስመር ካየህ ሳይክሉን አትንዳው፣ ወደ ሠሪው ውሰደው። ብረት ደጉ ነገሩ በያጅ እጅ የሚድን መሆኑ ነው።

የካቴናውንም ውጥረት አስተካክል። ጎማውን እያዞርክ በጣም የሚወጠርበትን ነጥብ ፈልግ፣ እዚያ ላይ መሀሉን ስትጫነው አንድ ሳንቲ ያህል መውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ከወጠርከው ኩሽኔታውን ትገድላለህ። ጎማውን የምታንሸራትትባቸው የግራና የቀኝ ማሰሪያዎችም አሸዋ ከገባባቸው ልክ እንደ ካምቢዮ ቋ ይላሉ፤ ፍታቸው፣ ጥረጋቸው፣ እኩል አድርገህ እሰራቸው።

ዘይቱን መቼ ቀየርክ? አልጻፍክልኝም። በ10,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው ነው። መጠኑ 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ዓይነቱም አምራቹ የሚያዘው። የሞተር ዘይት አትጨምርበት። ሳይክሉን ስታጥበውም ኃይለኛ የውሃ ግፊት የፔዳሉ ዘንግ ከካምቢዮው በሚወጣበት ቦታ ወዳለው የጎማ ማሸጊያ አታነጣጥር።

ይህን ሁሉ አድርገህ ድምፁ በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከቀረ ወደ አምራቹ የአገልግሎት ባለሙያ ላከው። ስትልከው የትኛው ማርሽ እንደሆነ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ በወጣው ዘይት ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ጽፈህ ላክ። ፎቶም ጨምርበት።