ስለ ዶሮ መመገቢያና መጠጫ ጠይቁኝ

በግቢዬ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። አሁን 30 ቦቫንስ የሚባሉ የእንቁላል ዝርያ ዶሮዎች አሉኝ። ስትጠይቁ ዝርያውን፣ ብዛቱንና ዕድሜውን ጻፉልኝ።

ከሰበታ፦ 12 የ4 ወር ሳሶ የሚባሉ ዝርያ ዶሮዎች አሉኝ። መኖውን እየበተኑ ጨረሱት።

መልስ፦ መመገቢያውን ጢም አድርገሽ እየሞላሽ ነው አይደል? ሲሶው ብቻ ይሞላ። ደግሞ መሬት ላይ አታስቀምጪው። በገመድ አንጠልጥይውና ጠርዙ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ይሁን። ሲያድጉ ገመዱን አሳጥሪ።

ከሐዋሳ፦ ጥሩ መጠጫ የቱ ነው?

መልስ፦ ለጫጩት ነው ለእንቁላል ጣይ? ለስንት? ጻፉ ብያለሁ እኮ።

ከሐዋሳ፦ ይቅርታ፣ 20 ቦቫንስ፣ መጣል ጀምረዋል።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ውሃ የዚህን እጥፍ ትጠጣለች፣ ሙቀት ሲሆን ከዚያም በላይ። ስለዚህ ለ20 ዶሮ በቀን 5 ሊትር ግድ ነው፤ ለናንተ ሙቀት 8 አዘጋጅ። ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል። ጉልበተኛዋ አንዱን ብትከለክል ደካሞቹ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሰው ስለ መኖ ሲጨነቅ ውሃውን ይረሳል። ግማሽ ቀን ውሃ ያጣች ዶሮ እንቁላል ትቀንሳለች። አሁን ሄደህ መጠጫህን በጣትህ ከውስጥ ዳሰው። ካሟለጨህ አልታጠበም ማለት ነው። በየጠዋቱ ፈግፍገው። እጅ የማያስገባ መጠጫ አትግዛ!

ከባህር ዳር፦ ጀሪካን መቁረጥ እያለ ምን ያስገዛል?

ከአዳማ፦ የተቆረጠው ጠርዝ ስለት ነው። የኔን ዶሮ አንገቷን ቧጥጧታል።

ከባህር ዳር፦ በእሳት አለስልሰዋ። የሐበሻ ዶሮ ደግሞ ይሄ ሁሉ አያስፈልጋትም፣ ጭራ ታድራለች።

ከአዳማ፦ ጭራ አድራ በዓመት ስንት ትጥላለች? 60 ከሞላች ጥሩ ነው።

መልስ፦ የዝርያውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። ጀሪካን ይሆናል። ኬሚካል የነበረበት ግን በፍጹም!

ከመቀሌ፦ 25 የ2 ወር ቄቦች አሉኝ። የፈንግል ክትባት በዚሁ መጠጫ ልስጥ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በውሃ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል፣ የሳሙና ቅሪትም እንደዚሁ። መጠጫው ፕላስቲክ ይሁን፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠብ። ክሎሪን የሌለው ውሃ ፈልግ። በሊትር 2 ግራም ተኩል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት በጥብጥ፣ ክትባቱን ይጠብቅልሃል። ቀድመህ ለ1 ሰዓት ያህል ውሃ ከልክላቸው። ከዚያ ሁሉም እኩል እንዲጠጡ መጠጫ ጨምር፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ክትባት ተሰጥቷቸው አለቁብኝ የሚል ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውሃው ነው።

ከጎንደር፦ መኖ ስንት ገባ?

መልስ፦ ሰፈርህ ጠይቅ።

ከጅማ፦ መኖ ይበትናሉ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለሰበታዋ የመለስኩትን አንብብ። በጀርባዋ ልክ! ሲሶ!

ከደብረ ብርሃን፦ ለ15 ቦቫንስ ኒፕል፣ ያ በምንቃር ሲነካ ውሃ የሚያንጠባጥበው መጠጫ፣ ይሆናል? 1 ዓመት ሆኗቸዋል።

መልስ፦ ይሆናል፣ ሁለት ይበቃል። ደለል ይደፍነዋልና በየቀኑ በጣትህ ነካ እያደረግክ መፍሰሱን እይ።

ከሰበታ፦ አመሰግናለሁ፣ አንጠለጠልኩት። ማታስ እዚያው ይደር?

መልስ፦ መመገቢያውን አንሺው፣ አይጥ ይለምዳል። የረጠበ መኖ ካለ ይሻግታልና ጥረጊው። ውሃው ግን ይደር፤ ሲነጋ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደሱ ነው።