ሲቪቲ ካምቢዮ ያለው ቪትዝ ልግዛ ወይስ ልተወው?

«የ2008 ቪትዝ፣ ባለ 1.0 ሞተር፣ 180 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ። ጅማና አጋሮ ልመላለስበት ነው፣ በወር አንዴ አዲስ አበባ። ሰው ሁሉ ሲቪቲ አትንኪ ይለኛል» ላልሽው እህታችን፦

ሲቪቲ ማለት በማርሽ ፈንታ አብዛኛውን ጊዜ በቺንጋ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው፤ ሁሉም ግን አንድ አይደለም። ስሙ በጣም የተጎዳው በኒሳን ነው፤ ኩባንያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2010 ሞዴል ላሉት የካምቢዮውን ዋስትና እስከ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዝሞላቸዋል። የቶዮታው ሌላ ነው። ፕሪየስም ሲቪቲ ይባላል እንጂ ውስጡ ቺንጋ የለውም፣ በጥርስ ነው የሚሠራው፤ የቪትዙ ግን ባለቺንጋ ነው።

መጀመሪያ በእርግጥ ሲቪቲ መሆኑን አረጋግጪ። ኮፈኑን ከፍተሽ የሻንሲ ሰሌዳው ላይ የካምቢዮውን ኮድ እዪ፤ በኬ (K) ከጀመረ ሲቪቲ፣ በዩ (U) ከጀመረ ባለማርሽ አውቶማቲክ ነው። የካምቢዮ ማንሻው ላይ ከዲ በታች 3፣ 2፣ ኤል ካለውም ባለማርሽ ነው።

ሲቪቲ ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ ቀጫጭን ብረቶች የተደረደሩበት የብረት ቺንጋ በሁለት ፑሊዎች መሃል ተጨምቆ ይዞራል። ኃይል የሚያስተላልፈው ብረት ብረትን ነክሶ ስለሆነ አንዴ ከተንሸራተተ ፑሊው ይጫራል፤ የተጫረ ፑሊ ደግሞ አዲሱንም ቺንጋ ይበላል። ስለዚህ «ቺንጋ ብቻ እንቀይርልሽ» የሚልሽን አትስሚ። ቺንጋውን የሚያንሸራትቱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የተሳሳተ ዘይት፣ ሙቀት፣ ጭቃ። ጭቃ ያልኩት ክረምት ላይ ወደ ቡና እርሻ ሲገባ ነው፤ በባዶ ሲሽከረከር የነበረ ጎማ ድንገት ደረቅ ሲይዝ ምቱ በቀጥታ ቺንጋው ላይ ያርፋል። ሙቀቱ ደግሞ የጊቤ ሸለቆ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያለውን ረጅም ዳገት ሰው ሞልቶ፣ ነዳጅ ረግጦ መውጣት ዘይቱን ያቃጥለዋል።

ስትሞክሪው ሻጩ ቀድሞ እንዳያሞቀው አስጠንቅቂ፣ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪ። ፍሬን ይዘሽ ከኤን ወደ አር፣ ከዚያ ወደ ዲ አስገቢ፤ ከ2 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም ጓ ካለ ችግር አለ። ቆሞ ሳለ ትንሽ መንቀጥቀጡ አያስደንግጥሽ፤ ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር ስለሆነ ነው። ከዚያ አራት ሰው ሆናችሁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጡ። እግርሽን ነዳጁ ላይ አንድ ቦታ አጽኚ። አንዳንዱ ቪትዝ የሞተር ዙር ማሳያ ስለሌለው በጆሮሽ ተከታተዪ፤ ሞተሩ ጩኸቱን እየጨመረ መኪናው ግን ካልፈጠነ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፊ አር አስገቢ። ያረጀ ካምቢዮ ቀዝቃዛ ሆኖ ደህና መስሎ የሚታየው ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥንና ግፊቱ ይወርዳል፣ ያኔ መዘግየቱ ይታያል። ከ30 ደቂቃ ያነሰ ሙከራ ምንም አይነግርሽም። ስትመለሱ ሜዳው ላይ ከ20 እስከ 50 በሚሆን ፍጥነት ኮረኮንች ላይ እንዳለ ከተርገፈገፈ ተዪው። ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ዋይታ ከሰማሽ መሪውን ቀስ ብለሽ ግራና ቀኝ በዪ፤ ድምፁ ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ይህ ቀላል ነው። ካልተለወጠ ከካምቢዮው ነው።

እስከዚህ ካለፈ ዘይቱን አስፈትሺ። ለዚህ ዘመን ቪትዝ የሚሆነው ቲሲ የሚባለው የቶዮታ ሲቪቲ ዘይት ነው፤ ኤፍኢ የሚባለው የአዳዲሶቹ ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ተጨምሮበታል ከተባለ አትግዢው፣ ብረቱ እንዲናከስ አያደርግም። ጥቁርና የተቃጠለ የሚሸትም አይሁን። ሻጩ ከፈቀደ የካምቢዮው የዘይት ገንዳ ይውረድ፤ ውስጡ ያለው ማግኔት ላይ ግራጫ ልቁጥ ያለ ነገር ጤነኛ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ስባሪ ግን ካምቢዮው ማለቁን ያሳያል።

ከገዛሽው ወዲያው ዘይት ቀይሪ። የወረደውን በሊትር ለክተው ያንኑ ያህል ይመልሱ። ከግማሽ በላዩ ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥና ሌላም ቦታ ስለሚቀር ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ይደገም። ከዚያ በየ40 ሺው።

ዋጋ ስትከራከሪ ካምቢዮው ከሞተ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፣ ብዙውን ጊዜ ከሶማሌ ተራ፣ አሮጌው እንደሚመጣ አስቢ፤ ኮዱ ካልገጠመ ደግሞ አይሠራም። ጉዞሽ አጋሮ በአስፋልት ብቻ ከሆነና መኪናው ሙከራውን ካለፈ ግዢው። በየሳምንቱ እርሻ የምትገቢ ከሆነ ግን ማኑዋሉን ያሪስ ፈልጊ። መንገድ ላይ ከቆመብሽም የፊት ጎማው መሬት ነክቶ አይጎተት፤ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፖምፓው ስለሚቆም ቺንጋው ደርቆ ይዞራል። በጭነት መኪና ይምጣ።