ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ ወጣቶች፦ ለማኅደር የሚቀመጠው ቅጂ የትኛው ይሁን?

ልጆቼ፣

ቪዲዮ የምትቀርጹና የምታቀናብሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ «ሥራዬን ለዘለቄታው ላስቀምጠው ብል የትኛው ፎርማት ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። ትንሽ ስናወራ ግን ብዙዎቻችሁ ልታውቁ የፈለጋችሁት የትኛው ፎርማት ፋይሉን ይበልጥ እንደሚያሳንሰው ሆኖ ይገኛል። ዕድሜዬን በቅንብር ክፍል ውስጥ ነው ያሳለፍኩት፤ ሁለቱ ፍላጎቶች አብረው እንደማይሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው የሚያየውን ቅጂና ለማኅደር የሚቀመጠውን ቅጂ ለዩዋቸው። አንድ ፋይል ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራላችሁ አትጠብቁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እንደ ኤች.264 ያለ ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮን የሚጨምቅና መልሶ የሚከፍት ዘዴ፣ እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራበትን አንድ አንድ ምስል) ሙሉውን አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ይይዝና ለሚከተሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፤ ዐይን አይለየውም ብሎ የገመተውንም ይጥላል። ለማየት ይህ ድንቅ ዘዴ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ከዚያው ፋይል ላይ ቁራጭ ወስዳችሁ ቀለሙን ልታስተካክሉ፣ ጨለም ያለውን ልታበሩ፣ አንዱን ፊት ልታቀርቡ ትፈልጋላችሁ። የተጣለው ያን ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። ጥላ ያለበት ቦታ ሲበራ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ብቅ ይላሉ፤ ወጥ የነበረው ሰማይ በደረጃ ይከፋፈላል። ያንን መልሳችሁ ስትጨምቁት ደግሞ ሁለተኛው ጨመቃ የመጀመሪያውን ጥፋት ከምስሉ አይለየውም፤ ጥፋቱን ጠብቆ ለማቆየት ቢት ያባክናል። በየዙሩ ጥራቱ ይወርዳል እንጂ አይመለስም።

ከካሜራው የወጣውን ጥሬ ፋይል ግን አትንኩት። ስልካችሁ በኤች.265 ቀርጾ ከሆነ እንዳለ ይቀመጥ። ለቅንብር ወደሚያገለግለው የአፕል ኮዴክ፣ ወደ ፕሮሬስ፣ ብትቀይሩት ፋይሉ ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ ምስሉ ግን አንድ ነጥብ አይሻሻልም። ዲቪ የሚባለው የድሮ ዲጂታል ካሴት ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ። ዲቪ ካሴቱ ላይ ሲቀረጽ ጀምሮ የተጨመቀ ነው፤ ምስሉ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ይወስዳል፣ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ከድምፁ ጋር 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በፋየርዋየር ገመድ ሲገለበጥ ካሴቱ ላይ ያለው ዳታ ራሱ ነው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው። ዲስክ ውድ በነበረበት ዘመን ብዙ ሰው ይህን ወደ ዲቪዲ ለውጦ ካሴቱን ጣለ። በዲቪዲ ላይ ያለው ኤምፔግ-2 ምስል ቢበዛ በሰከንድ 9.8 ሜጋቢት ነው፤ የጠፋውን እናንተው ገምቱት። ኢንተርሌስ በሚባለው፣ ምስሉ ግማሽ ግማሹን ተራ በተራ በሚቀረጽበት ቀረጻ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ለማኅደር በሚቀመጠው ቅጂ ላይ «ላጽዳ» አትበሉ። በሰከንድ 50 ወይም 60 ግማሽ ምስሎች ወደ 25 ወይም 30 ፍሬም ሲቀየሩ የእንቅስቃሴው ግማሽ ይጠፋል። ማጽዳቱን ለማያ በምታወጡት ቅጂ ላይ አድርጉት፤ ነገ ደግሞ የተሻለ ማጽጃ ይመጣል።

አናሎግ ካሴት፣ ማለትም ቪኤችኤስና መሰሎቹ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የዲጂታሉን ቅጂ የምትፈጥሩት እናንተ ስለሆናችሁ ምርጫው በእጃችሁ ነው። ያልተጨመቀ 8 ቢት መደበኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 75 ጊጋባይት ያህል ይፈጃል። ኤፍኤፍቪ1 የተባለው ኮዴክ ምንም ሳይጥል ያንን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው ምስሉ ላይ ያለው ኖይዝ (የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ) ነው። 3ኛው እትሙ እያንዳንዱን ፍሬም ከፋፍሎ ለየክፍሉ የማረጋገጫ ቁጥር ማስቀመጥ ስለሚችል ዲስኩ አንድ ቦታ ቢበላሽ ጉዳቱ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ዝርዝር መግለጫው እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ ወጥቷል። የተጨመቀውን ምስልና ድምፅ አንድ ላይ የሚይዘው የፋይል ዓይነት ኤምኬቪ ነው፤ የእሱም መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። እኔ ለአናሎግ ሌላ አልመርጥም።

ተቀናብሮ ያለቀው ሥራስ? ከቅንብር ፕሮግራሙ አንድ ማስተር፣ ማለትም ሌሎቹ ቅጂዎች የሚወጡበትን ዋና ቅጂ፣ አውጡ። ፕሮሬስ 422 በ1080 ጥራትና በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን በሰከንድ 147 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል፤ በሰዓት ወደ 66 ጊጋባይት ማለት ነው። ለቤተሰብ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ኤችኪው የሚባለውን ከፍ ያለውን ዓይነት ብዙ ጊዜ ለልብ ደስታ ነው የሚያወጡት። ቦታ ካጠራችሁ ኤክስ264 በተባለው ፕሮግራም ወደ ኤች.264 ስትጨምቁ ሲአርኤፍ የሚባለውን የጥራት ቁጥር 16 ወይም 18 ላይ አድርጉት። ሳይነኩት የሚገኘው 23 ለማየት ነው የሚሆነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ እንደሚጨምር አትርሱ፣ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ድምፁን ለብቻው ዌቭ በሚባለው የድምፅ ፋይል፣ ርዕስና ጽሑፍ የሌለበትንም ቅጂ አብራችሁ አውጡ። የፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ሲቀር አብሮት ይቀራል።

አዲስ ኮዴክ በወጣ ቁጥር የምትጓጉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤች.265፣ በ2018 ኤቪ1፣ በ2020 ኤች.266 መጡ፤ ሁሉም በትንሽ ቦታ ያንኑ ጥራት እንሰጣለን ብለው ነው። ለምትልኩትና ለምታሳዩት ተጠቀሙባቸው። ለማኅደር ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የሚያነበው ፕሮግራም ኮዱ ክፍት ነው ወይ? ሲኔፓክና ሶረንሰን የተባሉትን የድሮ ኮዴኮች ተመልከቱ። በአንድ ወቅት የትም ነበሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የተባለውን ማክ ኦኤስ ሲያወጣ እነሱን መክፈቱን አቆመ። ዛሬም የሚከፈቱት ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ኮዱን በክፍት የጻፉ ሰዎች ስላሉ።

ምንም ብትመርጡ ሁለት ቅጂ በሁለት ዲስክ፣ አንዱን ደግሞ ሌላ ቤት አስቀምጡ። የእያንዳንዱን ፋይል የሻ-256 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ፋይሉ ከተለወጠ የሚለወጥ ማረጋገጫ) በጽሑፍ ፋይል አብራችሁ ያዙ፤ ዲስክ በቀየራችሁ ቁጥር አመሳክሩት። የወጣውን ማስተርም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፁን ከፍታችሁ እዩት። የካሜራውን ካርድ የምታጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።