ልጃችንን በስምንተኛው ቀን እናስገርዘው ወይስ እንቆይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በፍራንክፈርት የምንኖር ባልና ሚስት ነን። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ መሆኑ ተነግሮናል። ልታርሰኝ የምትመጣው እናቴ «በስምንተኛው ቀን ይገረዛል» ብላ ጨርሳለች። የሕፃናት ሐኪማችን ደግሞ ሕመም ከሌለበት አድጎ ራሱ ይወስን ትላለች። ግርዘት በእርግጥ ለጤናው ይጠቅመዋል? እሱ ሳይጠየቅ ሰውነቱን መቁረጥስ ልክ ነው?

መልስ፦ ማርያም በሽልም ታውጣዎት። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ስለሆነ ከሕክምናው ልጀምር።

ያልተገረዘ ወንድ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉ ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ ግርዘት ይህን በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። ሆኖም አንዱን ልጅ ከዚህ ኢንፌክሽን ለማዳን ከመቶ በላይ ጤነኛ ሕፃናት መገረዝ አለባቸው ማለት ነው፤ ኢንፌክሽኑም በጊዜ ከታወቀ በአንቲባዮቲክ ይድናል። በተፈጥሮ የኩላሊት ወይም የሽንት ቧንቧ ችግር ላለበት ሕፃን ግን ጥቅሙ ከዚህ ከፍ ይላል። ኤችአይቪን በተመለከተ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄዱት ሦስት ጥናቶች ግርዘት ወንዱ ከሴት በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 እ.ኤ.አ. ቫይረሱ በስፋት ለተሠራጨባቸውና ግርዘት ላልተለመደባቸው አገሮች መክሯል። በእኛም አገር ዘመቻው ያተኮረው ግርዘት ባልተለመደባት በጋምቤላ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በአዋቂ ወንዶች ላይ ነው፤ ጥቅሙም ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ እንጂ በአራስነቱ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ የሐኪምዎ «ይቆይ» ማለት መሠረት አለው፤ ምንም እንኳ በአዋቂነት የሚደረገው ግርዘት ስፌት የሚጠይቅና ለማገገምም ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፣ ሆኖም ለሁሉም ይደረግ ለማለት አያበቃም፣ ውሳኔው የወላጆች ነው አለ። የኔዘርላንድ ሐኪሞች ማኅበር በ2010 ያለ ሕክምና ምክንያት ልጅን መግረዝ የልጁን የአካል መብት ይነካል ብሎ ነበር። ሁለቱም ያገላበጡት ማስረጃ በአመዛኙ አንድ ነው፤ የተለያዩት ለወላጅ ሥልጣንና ለልጅ መብት በሰጡት ክብደት ነው። እርስዎ ባሉበት አገርም በ2012 የኮሎኝ ፍርድ ቤት ድርጊቱን አካል እንደ መጉዳት ቆጥሮት ታላቅ ክርክር ከተነሣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፓርላማው በሕክምና ደንብ እስከተፈጸመ ድረስ ወላጆች መፍቀድ እንደሚችሉ ደንግጓል። በዚህ ክርክር ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛት በንጽጽር ሲነሣ ይሰማሉ፤ እሱ አንድም የጤና ጥቅም የሌለው፣ በእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የተከለከለ ስለሆነ ከዚህ ጋር አላነጻጽረውም።

እናትዎ የሃይማኖት ግዴታ ነው ካሉ፣ አፄ ገላውዴዎስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ የቅዱስ ጳውሎስን ቃል ጠቅሰው፣ ግዝረት በእኛ ዘንድ የአገር ልማድ እንጂ እንደ አይሁድ ሥርዓት አይደለም ማለታቸውን በትሕትና ሊያስታውሷቸው ይችላሉ። ልማድ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር ማለት አይደለም። ልጅዎ አባቱንና አያቱን እንዲመስል መፈለግዎ እኔን አያስነውረኝም፤ «ባህላችን ስለሆነ ነው» ብሎ በግልጽ መናገር «ለጤናው ነው» ብሎ ከማመካኘት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አጥብቄ የምለምንዎ ስለ ሕመሙ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ የስምንት ቀን ሕፃን ያለ ማደንዘዣ ሲገረዝ ቆሜ አይቻለሁ። አጎቱ ሁለቱን ጉልበቶቹን ይዘውታል፤ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ አፉ ተከፍቶ ድምፁ ጠፋ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ በኋላም ዝም አለ። «አየህ፣ ተኛ» አሉኝ። እንቅልፍ አልነበረም፤ አቅሙ አልቆ ነው። በ1997 የታተመ የካናዳ ጥናት ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ሕፃናት ከአራት እስከ ስድስት ወር ሆኗቸው ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይልቅ አብዝተው እንደሚያለቅሱ አሳይቷል። ስለዚህ የምታስገርዙት ከሆነ በብልቱ ሥር ማደንዘዣ በመርፌ የሚሰጥ ሐኪም ፈልጉ፤ የሚቀባ ማደንዘዣና ስኳር ማላስ ብቻቸውን አይበቁም።

ስምንተኛው ቀን ለደም መርጋት ልዩ ቀን ነው ሲባል ይሰማል። ለሕፃኑ ደም መርጋት ዋናው ነገር ቫይታሚን ኬ መውሰዱ ነው፤ ካልወሰደ ከስምንተኛው ቀን በኋላም፣ ከሳምንታት በኋላም ሊደማ ይችላል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን መላ ደሙ ከሦስት የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥምና ጥቂት የሚመስል መድማት ለእሱ ብዙ ነው። ከወንድሞችዎ ወይም ከእናትዎ ወንድሞች መካከል ጥርስ ሲነቀል ወይም ሲገረዝ ደሙ አልቆም ያለ ካለ አስቀድመው ይናገሩ፤ ደም በቀላሉ የማይረጋበት ሄሞፊሊያ የሚባለው በሽታ በእናት በኩል የሚወረስ ነው። ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ ቢጫ ከሆነ ወይም ካመመው ይቆይ። የሽንት ቀዳዳው ከጫፉ ወረድ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ፈጽሞ አይገረዝ፤ ሸለፈቱ ለማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ከተገረዘ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጫፉ ላይ የሚታየው ቢጫማ ሽፋን መግል አይደለም፤ አይፋቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ። በንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተጭነውት ደሙ ካልቆመ፣ ለ12 ሰዓት ካልሸና ወይም ካተኮሰው ያለ ቀጠሮ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሳይገረዝ ይቆይ ካላችሁም ሸለፈቱን ለማጠብ ብላችሁ ወደ ኋላ አትሳቡት፤ በአራስነቱ ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ነውና በዓመታት ውስጥ በራሱ ይላቀቃል። እናትዎም ሲያጥቡት ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።