በሬ የበላችው ሙሽራ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኦስሎ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የጥንቶቹን የስካንዲኔቪያ አማልክት፣ የቶርንና የሎኪን ተረት ሰምቶ ይመጣና ማታ «በአማርኛ ንገሪኝ» ይለኛል። እኔ ስነግረው ግን ዜና የማነብ ይመስላል፤ ትምህርት ቤት በሳቀበት ቦታ እንኳ አይስቅልኝም። አብረውን ያሉት አባቴ ደግሞ «የጣዖት ወሬ ለሕፃን አይነገርም» እያሉ ይቆጡኛል። ምን ይመክሩኛል?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከኦስሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ከአባትሽ ልጀምር፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ ተረት ብታወሪ ሳቁ ከጉሮሮሽ አይወጣም። እንዲህ በያቸው። አይስላንዶች ክርስትናን የተቀበሉት በ1000 ገደማ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህን ተረቶች የሚተርኩ የድሮ ግጥሞች ያሉበት የብራና መጽሐፍ የተጻፈው ግን በ1270ዎቹ፣ በክርስቲያን አገር ነው። በ1643 ብራናው እጁ የገባው ብሪንዮልፉር ስቬንሶንም ጳጳስ ነበር። አላቃጠለውም፤ በ1662 ለዴንማርኩ ንጉሥ ለፍሬደሪክ ሦስተኛ ላከው። በ1971 ለአይስላንድ ሲመለስ እንኳ አውሮፕላን ያሰጋል ተብሎ በጦር መርከብ ተጓዘ። ጳጳስ ያላቃጠለውን እኛ ለምን እንፈራዋለን? አባትሽ «የሉተር ጳጳስ ነው» ካሉሽ ግን እኔ የለሁበትም።

አሁን ወደ ሳቁ። ቀልድ አላነሰሽም፤ ቀልዱ ተረቱ ውስጥ አለ፤ ስትቸኩዪ ዘለሽው ታልፊያለሽ። እኔ ከሁሉ የምወደውን የቶርን ሠርግ እንይ።

ቶር ከእንቅልፉ ሲነቃ መዶሻው የለም። ጢሙ እየተንቀጠቀጠ ዙሪያውን በእጁ ይዳብሳል። የሰረቀው ትሪም የሚባል ግዙፍ ነው፤ ከመሬት በታች አርቆ ቀብሮታል፤ «እንስት አምላኳን ፍሬያን ካልዳራችሁልኝ አልመልስም» ይላል። ሎኪ ሊጠይቀው ሲሄድ ትሪም ምን ሲያደርግ እንዳገኘው እንዳትረሺ፦ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ለውሾቹ የወርቅ ማሰሪያ እየጎነጎነ፣ የፈረሶቹን ጋማ እያስተካከለ ነበር። አማልክትን ያስጨነቀ ሌባ ቤቱ ሲገኝ የውሻ ማሰሪያ ይጎነጉናል! ልጅሽ እዚህ ላይ ትሪምን ይወደዋል፤ ሊወደውም ይገባል፤ የሚጠላው ሰው ሲሞኝ ሳቁ ግማሽ ነው።

ፍሬያ ነገሩን ስትሰማ በንዴት ከመተንፈሷ የተነሣ አዳራሹ ተናወጠ፤ የአንገቷ ሐብል ተበጥሶ ወደቀ። አማልክቱ ተሰብስበው መከሩ፤ ሄይምዳልም «እንግዲያው ቶርን ሙሽራ እናድርገውና እንላከው» አለ። ቶር «ሴታ ሴት ሊሉኝ ነው» ብሎ አንገራገረ። ማን ሰምቶት! ሎኪ ደንገጥር ሆኖ አጀበው።

ግብዣው ላይ ቀስ በይ። ሙሽሪት አንድ በሬ በላች። ስምንት ሳልሞን ዓሣ በላች። ለሴቶቹ የቀረበውን ጣፋጭ ሁሉ ጠረገች። በሦስት ትልልቅ ጋን ጠጅ አወራረደች። ጠጅ ያልኩሽ ለማሳመር አይደለም፤ የእነሱም መጠጥ ከማር የሚጣል ነው። «ብዙ በላች» ካልሽ ተረቱ እዚያው ሞተ። በሬውን ጥሪና ዝም በይ፤ ሳልሞኖቹን ጥሪና ዝም በይ፤ ፊትሽ ደግሞ አይሳቅ።

ትሪም ደነገጠ። «እንዲህ አፏን ሞልታ የምትጎርስ ሙሽራ አይቼ አላውቅም!»

«ጌታዬ፣ ወደዚህ ለመምጣት ከነበራት ጉጉት የተነሣ ስምንት ሌሊት እህል አልቀመሰችም» አለች ደንገጥሯ።

ደስ አለው። ሊስማት ዓይነ ርግቡን ገለጥ ቢያደርግ እስከ አዳራሹ ጫፍ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። «ዓይኗ ምነው እሳት ይተፋል?»

«ጌታዬ፣ ስምንት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።»

ለሎኪ ቀጭን የሴት ድምፅ እንዳታወጪለት፤ ያ የመድረክ ቀልድ ነው። በየሠርጋችን የማትጠፋውን አክስት አስቢያት፤ ሙሽሪት ወጥ ብታፈስ «ለበረከት ነው» የምትለዋን። በእሷ እርጋታ ተናገሪው። ቶርን ደግሞ ጨርሶ አታናግሪው። ትሪም ቤት ከገባ በኋላ በግጥሙ ውስጥ አንዲት ቃል አይወጣውም። ጉሮሮውን እየጠራረጉ በወፍራም ድምፅ የሚያናግሩት ተራኪዎች አጋጥመውኛል፤ የዝምታውን ጣዕም ገደሉት።

በመጨረሻ ትሪም ጋብቻውን ለመባረክ መዶሻው እንዲመጣና በሙሽሪት ጭን ላይ እንዲቀመጥ አዘዘ። የሚቀጥለውን ልጅሽ ራሱ ይነግርሻል። ግጥሙ እዚህ ጨካኝ ነው፤ ከሙሽሪት የወርቅ ቀለበት የለመነችው የትሪም እህት ሳትቀር የመዶሻ ዱላ ነው የደረሳት። ለሰባት ዓመት ልጅ እኔ «ሁሉንም ጠረጋቸው» ብዬ አልፈዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የግሪክ አፈ ታሪክ እተርካለሁ። እንዲስቁ ብዬ የአማልክቱን ንጉሥ ዜውስን ባጃጅ አስነዳሁት፤ ለመልእክተኛቸው ለሄርሜስም ስማርት ስልክ ሰጠሁት። አንዴ ሳቁና ከዚያ መንጫጫት ጀመሩ። ምን አጠፋሁ?
መምህር፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባጃጁን ለባለቤቱ መልስ። ሄርሜስ ያለ ስልክም በቂ ጉድ አለው። ለእሱ የተዘመረው ጥንታዊ መዝሙር እንደሚለው ጠዋት ተወለደ፤ እኩለ ቀን ላይ ከኤሊ ድንጋይ ክራር ሠርቶ ደረደረ፤ ማታ የአምላኩን የአፖሎን ሃምሳ ላሞች ሰረቀ። ዱካቸው እንዲያሳስት የኋሊት ነዳቸው፤ ከዚያ ተመልሶ አልጋው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኛ። አፖሎ ሲያፋጥጠው፣ «እኔ የተወለድኩት ትናንት ነው፤ እግሬ ለስላሳ፣ መሬቱ ደረቅ። የእኔ ጉዳይ እንቅልፍ፣ የእናቴ ጡትና የሞቀ ውሃ ነው። ላም የሚባለውንም በዝና ብቻ ነው የሰማሁት» አለው። ይህን የሚሰሙት ልጆች ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላቸው ናቸው፤ ምን መጨመር ያስፈልጋል?

አፖሎ ብድግ ሲያደርገው ሕፃኑ ፈሳ። መዝሙሩ ፈሱን በጨዋ ቋንቋ የሆድ አገልጋይ፣ ባለጌ መልእክተኛ ይለዋል። ወዲያው አነጠሰ፤ አፖሎም ከእጁ ጣለው። ዜውስ ክሱን ሰምቶ በሳቅ ፈነዳና ላሞቹን አብረው እንዲፈልጉ አሰናበታቸው። ፈሱን ለማስቀረት እንዳታስብ፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተነበበው ከነፈሱ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከተቆጡ «ባለጌ መልእክተኛ» የሚለውን ተጠቀም፤ ልጆቹ ትርጉሙን ራሳቸው ያገኙታል።